ሐረር ስትሄዱ «ጌይ ጋር» በሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ለማደር ካሰባችሁ

ሐረር ሄጄ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ማታ ማታ ሰው በእጁ ስለሚያበላው ጅብ ነው። ስለ ጅቡ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ማደሪያው ነው። ከእናቴ ጋር ያረፍነው አሮጌውን ከተማ በከበበው ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ድሮ የባለጸጋ ነጋዴ መኖሪያ በነበረ ቤት ነው። አሁን እንግዳ ማሳደሪያ ሆኗል። ቤተሰቡ ግን ዛሬም እዚያው ይኖራል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። የሚያስደስታችሁም የሚያስቸግራችሁም ነገር ከእሷ ነው የሚመጣው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ሰፈሩም ይተዋወቃል። ስለዚህ የቤተሰቡን ስም አልጠራም። የምላችሁ ነገር ለሌሎቹም ቤቶች ይሠራል።

ታሪካዊ ማደሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጣይቱ ሆቴል ነው። ጣይቱ ግን በ1898 ዓ.ም ሲሠራም ሆቴል እንዲሆን ነው። እዚያው ሐረር ያለው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ትልቅ መኖሪያ ደግሞ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል፤ ቀን ገብታችሁ ታዩታላችሁ እንጂ አታድሩበትም። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚሉትም እንደዚያው ሙዚየም ነው። ሰው ተወልዶበት፣ ተድሮበት፣ አርጅቶበት ኋላ እንግዳ መቀበል የጀመረ ቤት ከፈለጋችሁ ያለው ጌይ ጋር ነው፤ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። እኛ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወረድን። ከዚያ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፣ ሐሮማያንና አወዳይን ያልፋል። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ከደመቀ ትንሽ ትቆማላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርብ ያለፈ ሰው ጠይቁ፤ ይህ አሁን ለየትኛውም የአገራችን መንገድ የምሰጠው ምክር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሐረር ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና የሚገባባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ባጃጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወይ አንዱ የግንቡ በር ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ በእግር ነው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። መሬቱ ድንጋይ ነው። ባለ ጎማ ሻንጣ እዚያ ላይ መጎተት ሌላ ሥራ ነው። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ። ስልክ ላይ ያለውን ካርታ ተማምናችሁ አትግቡ፤ ሁሉም ግድግዳ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም በር የተዘጋ ነው፣ ከውጭ ሲታይ የባለጸጋውም የድሃውም ቤት አንድ ነው። ሆቴል የሚል ትልቅ ሰሌዳ አትጠብቁ። ቀድማችሁ ደውሉና ከየትኛው በር እንደምትገቡ ተነጋገሩ። ለእኛ አንድ ልጅ ላኩልን። የእናቴን ቦርሳ ነጥቆ እየሮጠ ሲሄድ እናቴ «ኧረ ያዙልኝ!» አለች። ለካ ሊያደርስላት ነው።

የግቢው በር ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም ነው። ከውጭ ያለው ጫጫታ ይቆማል። መካከል ላይ ግቢ፣ ዙሪያውን ክፍሎች፣ ፊት ለፊት ዋናው ቤት። የዋናው ቤት በር ከባድ እንጨት ነው፤ ተቀርጾ ተቀርጾ የጠገበ። የሐረር ነጋዴዎች ከህንድና ከዓረብ አገር ጋር ሲገበያዩ የኖሩ ናቸው፣ የበሮቹም ቅርጽ ያንን ይመስላል።

ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ማንም እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ንጹሕ ካልሲ ይኑራችሁ፤ ይህን የምለው በምክንያት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስታወልቁና ስታጠልቁ ነው የምትውሉት።

ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበር የለም። ከመሬት ከፍ ብለው በተለያየ ደረጃ የተሠሩ መቀመጫዎች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። ምንጣፍና ትራስ ተደርጎባቸዋል። የትም አይቀመጥም። አሚር ነደባ የሚባለው በሩን ለማየት የሚመች ቦታ ላይ ነው፤ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ቤተሰብም እንግዳም ይቀመጥበታል። ከበሩ ጀርባ አለ፣ ጥግ ላይ የተደበቀም አለ። እንግዳ የሆነ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል፣ «እዚህ አረፍ በሉ» ሲባል ይቀመጣል። በቃ። ወጣት ተጓዦች ገብተው አሚር ነደባ ላይ ተዘርግተው ፎቶ ሲነሱ አይቻለሁ። የቤቱ እመቤት ምንም አላሉም። ፊታቸውን ግን አይቼዋለሁ።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በእንጨት ገበቴና በቀለም ሳህን ተሞልቷል። እዚህም እዚያም ግድግዳው ውስጥ የተበጁ መስኮት መሳይ መደርደሪያዎች አሉ፤ መጽሐፍና ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ስፌቶቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም። አንዳንዶቹ የእመቤቷ እናት ለሰርጋቸው የሰፉላቸው ናቸው። እያወረዳችሁ አትዩ። የሚሸጥ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ የሚሸጠውን ለብቻ አውጥተው ያሳዩአችኋል።

ወለሉና የነደባው ፊት ቀይ ነው። አስጎብኚዎች በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ የፈሰሰውን የሐረር ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። እመቤቷን ጠየቅኳቸው። «እንደሱ ይላሉ» አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «አፈራችንም ቀይ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ግን ታሪኩ የታወቀ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። እናቴ ይህን እንደሰማች ዓይኗን ወደ ላይ ወረወረች። የእኛው ቤት ላይ ምንጣፍ አልነበረም። ልጆቹ ቶሮንቶ ናቸው።

ይህ የቶሮንቶ ነገር ለማደሪያውም ምክንያት ነው። ብዙ የሐረሪ ቤተሰብ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ከከተማው ዙሪያ የነበረውን እርሻ አጥቷል። ብዙ ሰው ወደ ውጭ ሄዷል፤ ቶሮንቶ ላይ ትልቅ የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ። ቤቱ ሰፊ፣ የቀረው ሰው ጥቂት። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ካልተለሰነና ካልተቀባ ዝናብ ይበላዋል። እመቤቷ እንደነገሩኝ ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ አብዛኛው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ነው የሚውለው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለከተማዋ ክብር ነው። እዚያ ለሚያድር ሰው ግን ሌላም ትርጉም አለው። ቤቱን እንደፈለጉ ማፍረስና መቀጠል አይቻልም። ለዚያ ነው ለየክፍሉ መታጠቢያ ቤት ያላገኛችሁት። ሽንት ቤትና ሻወር አብዛኛውን ጊዜ ግቢው ውስጥ ነው፣ ለሁሉም እንግዳ የጋራ ነው። ሌሊት ተነስታችሁ ጫማ ፈልጋችሁ፣ በር ከፍታችሁ፣ ግቢውን አቋርጣችሁ ትሄዳላችሁ። የእጅ ባትሪ አልጋችሁ አጠገብ ይሁን። የግቢው በር ስለሚዘጋ ጅብ አይገባም፤ ከግድግዳው ማዶ ግን ሲያልፍ ትሰሙታላችሁ። ሐረሪዎች ዋራባ ይሉታል፣ በከተማው ግንብ ላይም የሚገባበት ቀዳዳ ተሠርቶለታል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ጸጉሬ ቆመ። እመቤቷ «ቆሻሻውን ሊያነሳ ነው የመጣው» አሉ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ እንደሆነ ሁሉ።

ውኃ የሐረር የቆየ ችግር ነው። ድሮ ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው። ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። አሁንም በፈረቃ ነው። ስትደውሉ «ሙቅ ሻወር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አለ» ነው የሚሏችሁ፣ እውነታቸውንም ነው፤ ማሞቂያው አለ። መጠየቅ ያለባችሁ «ውኃ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ሮቶ አላችሁ?» ብላችሁ ነው። እኛ ባለንበት ጊዜ ቧንቧው ደርቆ በባልዲና በጆግ ታጥበናል። እናቴ ምንም አልመሰላትም። እኔ ጸጉሬን ለመታጠብ የመጨረሻው ቀን ወደ አንድ የፀጉር ቤት ሄድኩ።

ስለ ክፍሎቹ ትንሽ ልበል። ፎቅ ያሉት ክፍሎች ብርሃን አላቸው፣ ነፋስ ይገባል፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ደረጃቸው ግን ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ ነው፣ መያዣው እምብዛም ነው። ጉልበቱን የሚያመው ወይ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው «ታች ክፍል አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለእኛ የእናቴን ጉልበት አይተው ኪርታቱን ሰጡን። ኪርታት ከዋናው ክፍል ጎን ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ድሮ ሙሽሮች ከሰርግ በኋላ የሚሰነብቱባት እሷ ናት ይባላል፤ ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ እንጂ አይወጡም። እናቴ ይህን ስትሰማ «በስተርጅና ጫጉላ ገባሁ በሉኛ» አለች። እመቤቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ «እህቴ» ተባባሉና እኔን ረሱኝ።

ኪርታት ደስ ትላለች፣ ግን ጨለማ ናት። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ቀን ቀዝቀዝ ይላል፣ ያ ጥሩ ነው። የስልክ ኔትወርክ ግን ግቢ ካልወጣችሁ አይያዝም። ሥራ ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ኢንተርኔት የግድ ከሆነባችሁ፣ ከጀጎል ውጭ ያለ ሆቴል ያዙና ጌይ ጋሩን ቀን መጥታችሁ ጎብኙት። ከልቤ ነው የምለው። ቦታው ለሁሉም ሰው አይሆንም።

እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ደግሞ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ አዛኑ ከአንዱ ይጀምርና ሌላው ይቀበላል። ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ነው። እናቴ ለዚያ ብላ ነው ሐረርን የወደደቻት፤ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ደርሳ ትመጣለች። እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚያፍረው ነገር ላይ ልምጣ፤ ምግብ። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው። ክርስቲያን ሆናችሁ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ? እኔም መንገዱን ሁሉ ይህን ሳስብ ነበር፤ እናቴ እንቢ ብላ ሰው እንዳታስቀይም። የቤቱ እመቤት ግን ገና ቡናው ሳይፈላ ራሳቸው አነሱት። «ልጄ፣ ሥጋ አላቀርብላችሁም፣ አታስቡ። ረቡዕና አርብም ጾም መሆኑን አውቃለሁ» አሉኝ። ስንት ዓመት እንግዳ ሲያሳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከእኔ በፊት አስበውበታል። በፍስክ ቀን ፈጢራ በእንቁላልና በማር መጣ። ረቡዕ ፈጢራው በዘይትና በማር ብቻ፣ ፉሉም ቅቤ የለውም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። ስትደውሉ በግልጽ ተናገሩ፤ ሐረር ውስጥ ይህ የሚያስቀይም ወሬ አይደለም። አልኮል ግን ወደ ግቢው ይዛችሁ አትግቡ። ሐረር ቢራ በስሟ ይጠመቃል፣ መጠጣት ከፈለጋችሁ ከግንቡ ውጭ ሞልቷል።

ጠዋት ሆጃ ከሰጧችሁ ቅመሱት። የቡና ገለባ ከወተት ጋር ፈልቶ የሚጠጣ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ግራ ያጋባል፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ትለምዳላችሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ቀን ቀን ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ነው። አስጎብኚዎች ቡድን እየያዙ ይመጣሉ፣ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ዋናውን ክፍል አይተው ይሄዳሉ። ይህ የቤቱ መብት ነው፣ ገቢም ነው። እኛ ግን ነደባው ላይ ቁጭ ብለን ቁርስ ስንበላ አንድ ቡድን ገባ። አስጎብኚው ያስረዳል፣ እንግዶቹ ካሜራቸውን አውጥተው እናቴን ፈጢራ በእጇ ይዛ ያነሷታል። የአገሬው ባላባት መስላቸዋለች መሰለኝ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችላቸው፤ እኔ ነኝ የተበሳጨሁት። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። ጎብኚ የሚመጣው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁና ቁርሳችሁን ከዚያ በፊት ጨርሱ፣ ወይም ግቢው ውስጥ ይቅረብልን በሉ።

አስጎብኚ ራሱ ያስፈልጋል? ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን አዎ። መታወቂያ ያለውን ያዙ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ጅቡን ማየት በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለብቻችሁ ጥፉ። ጀጎል ለመጥፋት የተመቸ ከተማ ነው። ከአንዱ በር ወደ ተቃራኒው በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የትም ብትዞሩ ግንቡ ይመልሳችኋል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው ግንብ አምስት የድሮ በሮች አሉት። የምታድሩበት ቤት ለየትኛው እንደሚቀርብ ስሙን ያዙት፤ ከዚያ «ወደ አሱም በሪ በየት ነው?» ወይ «ወደ አርጎብ በሪ?» ማለት ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳያችኋል። የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ እንዳትዘሉት። እናቴ እዚያ ቀሚስ አሰፋች፣ በዚያው ቀን ደረሰላት።

ገንዘብ በጥሬው ያዙ። እኛ ያረፍንበት ቤት ካርድ አይቀበልም፣ ቴሌብር ይቀበላል፣ ኔትወርኩ ግን ባሰኘው ጊዜ ነው። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በክፍል፣ ቁርስ አለበት ወይስ የለበትም፣ ይህንን በስልክ ጨርሱ። ከውጭ አገር ለምትመጡ ደግሞ የሚነገራችሁ ዋጋ ለእኛ ከሚነገረው ሊለይ ይችላል፤ ይህ በየትም ያለ ነው። የዋጋ ክርክሩን ከቤቱ እመቤት ጋር ነደባ ላይ ቁጭ ብላችሁ አታድርጉት። አስተናጋጅ ጋር የምትከራከሩት ዓይነት አይደለም፣ ያፍራሉ፣ እናንተም ታፍራላችሁ።

ጊዜ ከመረጣችሁ ሹዋሊድ የሚባለውን በዓል አስቡበት። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን የሸዋል ወር ጾም ሲያበቃ የሚከበር ነው፣ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሌሊቱን ዝክሪና ዘፈን ነው፣ ከውጭ ያሉት ሐረሪዎችም ይመጣሉ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ልጆቹ ከቶሮንቶ ሲመጡ የሚያርፉት እናንተ በምትፈልጉት ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት ለዚያ ሳምንት የሚከፍል እንግዳ አይቀበሉም። የእኛን ቤት የመሰለ ማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ ከወራት በፊት ደውላችሁ ሌላ ቤት ጠይቁ፣ ካልሆነም በዓሉ ካለፈ በኋላ ሂዱ። ያኔ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ታገኙታላችሁ።